ምስጋና ለቱሉ ዲምቱዋ የኮምፒውተር ባለሙያ፦ ፕሮሰሰር ከመግዛታችሁ በፊት አማክሯት

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ እስከ ኮዬ ፈጬ ባለው ሰፈር ኮምፒውተር የሚሸጥም የሚጠግንም ሞልቷል። ፎርማት የማያደርግ፣ ስክሪን የማይቀይር የለም። ለደንበኛው ሥራ የትኛው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው ዋና ቺፕ) እንደሚበቃ ሙሉ ቁጥሩን ጠቅሶ የሚናገር፣ የተናገረውንም እዚያው ፈትኖ የሚያሳይ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ይህች እህታችን ከእነዚያ አንዷ ናት፤ ምስጋናችንም ለዚሁ ነው። ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ አድራሻዋን እንሰጣችኋለን። «ጎበዝ ናት» ብሎ መጠቆም ብቻውን ለማንም ስለማይጠቅም አሠራሯን በዝርዝር እንጽፋለን።

ሱቋ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ኮር አይ 7 አለ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ምን ሊሠራበት እንደሆነ፣ ይዞት ይንቀሳቀስ ወይስ አንድ ቦታ ያስቀምጠው እንደሆነ፣ ሰፈሩ መብራት ይጠፋበት እንደሆነ ትጠይቃለች። ቁጥር ውስጥ የምትገባው ከዚያ በኋላ ነው። አይ 7 የሚለው ስም ብቻውን ብዙ እንደማይናገር የምታስረዳው በሁለት ፕሮሰሰሮች ነው። የ7ኛው ጄኔሬሽን አይ 7-7500ዩ ያለው ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) እና አራት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) ብቻ ነው። በቀጣዩ ጄኔሬሽን የመጣው አይ 5-8250ዩ ግን አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። ሁለቱም የ15 ዋት ናቸው። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ያ አይ 7 በስም ይበልጣል እንጂ በሥራ ከአይ 5ቱ ኋላ ነው።

የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ፕሮሰሰርን ልዩነት የምታስረዳበት መንገድ በተለይ ሊነገርላት ይገባል። የስስ ላፕቶፑ አይ 5-1235ዩ፣ የጉልበተኛ ላፕቶፑ አይ 5-12450ኤች እና የዴስክቶፑ አይ 5-12400 ሦስቱም «12ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5» ተብለው ነው የሚሸጡት። የሦስቱም ከፍተኛ ፍጥነት በወረቀት ላይ 4.4 ጊጋኸርዝ ነው። በኮር ብዛት ከሄድን የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 6 ስለሆነ ስሷ ላፕቶፕ ልታሸንፍ ነው ማለት ነው። አታሸንፍም። ከ10 ኮሮቿ ጉልበተኞቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ የቀሩት ስምንቱ ኤሌክትሪክ ቆጣቢዎቹ ትንንሾች ናቸው። 12450ኤች አራት ጉልበተኛና አራት ቆጣቢ አለው፤ 12400 ስድስቱም ጉልበተኛ ነው። መነሻ ዋታቸው ደግሞ በቅደም ተከተል 15፣ 45 እና 65 ነው። 4.4 የሚለው ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሊደርስበት የሚችለው ጫፍ ነው፤ እዚያ ጫፍ አካባቢ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው የሚያገኘው ዋትና የሚያቀዘቅዘው ፋን ነው።

ይህን ተናግራ ብቻ አታልፍም። ሲኒቤንች አር23 በተባለው የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም ላይ የአሥር ደቂቃውን ፈተና ታስነሳለች፣ ጎን ለጎን የውስጡን ቁጥሮች የሚያሳየውን ኤችደብሊውኢንፎን ከፍታ ደንበኛው የፕሮሰሰሩን ዋት፣ ሙቀቱንና የኮሮቹን ፍጥነት ራሱ እንዲከታተል ታደርጋለች። ስስ ላፕቶፕ ላይ የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ያምራል፤ ከዚያ ዋቱ ይወርዳል፣ ፍጥነቱም ተከትሎት ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ የተሠራው እንደዚያ ነው። ብልሽት የሚባለው ሙቀቱ ገና ከመነሻው 100 ዲግሪ ነክቶ ዋቱ ከተፈቀደለት በታች ሲወርድ ነው። ያኔ ፋኑ በአቧራ ታፍኗል፣ ወይ ቴርማል ፔስቱ (ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) ደርቋል፣ ወይ ሂትሲንኩ (ሙቀቱን የሚቀበለው ብረት) በትክክል አልተቀመጠም። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች ይህን የአሥር ደቂቃ ፈተና ሳታዩ ብር አትክፈሉ። ለመፈተን የማይፈቅድ ሻጭ ምክንያት አለው።

ውጭ አገር በቪዲዮ የሚታየው የሙቀት ቁጥር እዚህ ለምን እንደማይገኝም ታስረዳለች። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ከዝቅተኛ ቦታ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ አንድ ዓይነት ፋን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢዞር እዚህ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የግንባታው ሲሚንቶና የኮረኮንቹ አቧራ ይጨመርበታል።

ጽዳቷን ለማየት ብቻ መሄድ ያስቆጫል ብለን አናምንም። ላፕቶፑን ስትከፍት መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ ትነቅላለች። ብሎኖቹን በርዝመታቸው ለይታ ታስቀምጣለች፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ የኪቦርዱን ወገን ይበሳልና። አቧራ ስትነፋ የፋኑን ምላጭ በጣቷ ትይዛለች፣ በአየር ግፊት እንዲያብድ ከተለቀቀ ኩሽኔታው ይጎዳል። ብዙ ቦታ የሚዘለለው ግን በፋኑና በሂትሲንኩ ቀጫጭን ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ የተጋገረው አቧራ ነው፤ ፋኑ ካልተነሳ አይታይም። የደረቀውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጋ አዲሱን ትቀባለች፣ ብሎኖቹን ሂትሲንኩ ላይ በተጻፈው የቁጥር ተራ ታጠብቃለች። ፓድ (ሙቀት የሚያስተላልፍ ለስላሳ ንጣፍ) የነበረበት ቦታ ላይ ፔስት አትቀባም፤ ክፍተቱን ስለማይሞላው የሜሞሪና የፓወር ክፍሎቹ ያለ ማቀዝቀዣ ይቀራሉ። ከጽዳት በኋላ «ባሰበት» የሚባለው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው።

ጌም ለሚፈልጉ የምትሰጠው ምክር ሻጭ አይመስልም። ጂቲኤ ፋይቭን የመሰለ ጌም በፉል ኤችዲ ስክሪን ምስሉን ከፍ አድርጎ ለሚጫወት ሰው ፍጥነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚሠራው ካርድ) ስለሆነ ብሩን እዚያ ላይ እንዲያውል ትነግረዋለች። ቫሎራንትን ወይም ካውንተር ስትራይክ 2ን ምስሉን ዝቅ አድርጎ በ144 ኸርዝ ስክሪን ለሚጫወት ግን ፕሮሰሰሩ ይበልጥ ይቆጠራል፤ እዚያ ላይ የአንዱ ኮር ፍጥነትና የካሹ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) መጠን ለውጥ ያመጣሉ። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ባለ 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ ነው፣ 5600ጂ ግን 16 ብቻ ነው ያለው። ግራፊክስ ካርድ ያለው 5600ን፣ የሌለው 5600ጂን ይግዛ። የተገላቢጦሽ ከሆነ ወይ ካሽ ይጎድላል ወይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ 5600 በውስጡ ግራፊክስ የለውምና። የኢንቴል 12400ኤፍም እንዲሁ ነው። «አዲሱ ኮምፒውተር አይነሳም» ተብሎ የሚመጣ ዴስክቶፕ አንዳንዴ ምንም አልሆነም፤ የኤችዲኤምአይ ገመዱ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት ሲገባው ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ነው። ለእንዲህ ያለው አታስከፍልም፣ ትስቃለች እንጂ።

የራይዘን ላፕቶፕ የምትመርጡ የ7000ዎቹን ሦስተኛ አኃዝ እዩ። 7520ዩ ላይ ያለው 2 ዘን 2 የተባለውን የ2019 ንድፍ ያመለክታል፣ አራት ኮር ነው። 7530ዩ ዘን 3 ነው፣ ስድስት ኮር። ካርቶኑ ላይ ሁለቱም ራይዘን 5 7000 ናቸው። በዚህ አሰያየም ላይ ያለንን ቅሬታ እንተወው።

ለዕለት ሥራ ግን ብዙ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይገዛል። ፒችትሪ፣ ኤክሴልና ክሮም ለሚከፍት የሒሳብ ሠራተኛ 8250ዩ ላይ 16 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ቢገባ ይበቃዋል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ከአዲስ ፕሮሰሰር ይበልጥ ይሰማል፤ ላፕቶፕ ሊገዛ መጥቶ ኤስኤስዲ አስገብቶ የሚመለስ ደንበኛ አላት። ሻጭ ሆኖ እንዲህ የሚያደርግ እስቲ አሳዩን። አውቶካድ በአብዛኛው ሥራው አንድ ኮር ላይ ስለሚተማመን ብዙ ኮር አይረዳውም፤ ሬንደር የሚያደርግ አርክቴክትና በፕሪሚየር ቪዲዮ የሚያወጣ ኤዲተር ግን ኮር በበዛ ቁጥር ይጠቀማሉ። ሥራቸው ለረጅም ሰዓት ሙሉ ጉልበት ስለሚጠይቅ ለእነሱ በቀጥታ ወደ ዴስክቶፕ ነው የምትመራቸው።

ራም ላይ አንድ ነገር። 1235ዩ ላፕቶፕ ላይ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከተሰካ ውስጣዊው ግራፊክስ አይሪስ ኤክስኢ መባሉ ቀርቶ ዩኤችዲ ግራፊክስ ተብሎ ይታያል፣ አቅሙም ይወርዳል። ሁለት ባለ 8 ጊጋ ሲሆን ይመለሳል። ራም በሁለት መሰካቱ በውስጣዊ ግራፊክስ ጌም ለሚጫወት ሁሉ ይጠቅማል።

ስላይትሊ ዩዝድ የሆኑ የቢሮ ዴስክቶፖች ላይ ያላት ጥንቃቄ ደግሞ የብዙ ሰው ብር አትርፏል። የኢንቴል 6ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛና 9ኛ ጄኔሬሽን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ሶኬታቸው (ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ) በስም አንድ ነው፣ ኤልጂኤ 1151። አይ 5-8500ን ለ6ኛው ጄኔሬሽን በተሠራ ኤች110 ማዘርቦርድ ላይ ብታስቀምጡት ልክ ይገባል፣ ግን አይነሳም። ቀጫጭኖቹ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሳጥኖች ደግሞ ፓወር ሰፕላያቸው ትንሽ ነው፣ የ7050ው ቀጭን ሳጥን 180 ዋት ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድም የላቸውም። ስለዚህ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው የካርድ ማስገቢያ ብቻ እስከ 75 ዋት የሚወስድ፣ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ነው የሚቀበሉት፤ ጂቲኤክስ 1650 ሲገዛ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀው ዓይነት መሆኑ ይታያል። ላፕቶፕ ላይማ ፕሮሰሰር መቀየር አይታሰብም። ባለፉት ዓመታት የወጡት በሙሉ ማለት ይቻላል ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ «በኋላ አይ 7 ታደርገዋለህ» ያላችሁን ሰው አትመኑ። ዴስክቶፕ ራይዘን 5000ን ስትነቅል ደግሞ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ጥቂት አሠርታ ፔስቱን ታሞቃለች፣ አጥፍታ ኩለሩን ወደ ግራና ቀኝ ጠምዘዝ አድርጋ ታነሳለች። በብርዱ በቀጥታ ከተሳበ ፕሮሰሰሩ ከኩለሩ ጋር ተነቅሎ ይወጣና ፒኖቹ ይጣመማሉ።

መብራት እዚህ ሰፈር የምርጫው ግማሽ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ግን ጌም ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩም ካርዱም ዋታቸውን ስለሚቀንሱ መብራት ጠፍቶ ጌም እጫወታለሁ ማለት አይሆንም። ቻርጀሩም የራሱ ዋት መሆን አለበት። አንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀሩን ካላወቁት ፕሮሰሰሩን እጅግ ዝቅ ባለ ፍጥነት አስረው ይይዙታል፣ ባለቤቱም ቫይረስ ይመስለዋል። ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ) የግድ ነው። 650 ቪኤ የሚለው 650 ዋት ማለት አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ 360 ዋት ገደማ ነው። 12400 ያለ ግራፊክስ ካርድ ለቢሮ ሥራ ስክሪኑንም ጨምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት በታች ስለሚሄድ ይህ ይበቃዋል፤ ካርድ ያለው የጌም ኮምፒውተር ግን ከፍ ያለ ይፈልጋል። ፕሪንተር ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩ።

ጉድለቷንም እንናገር። አትቸኩልም፤ ዛሬ ሰጥቶ ዛሬ መውሰድ ለሚፈልግ ሰው አትመችም፣ ቅዳሜ ደግሞ ወረፋ አለ። ማዘርቦርድ ላይ ቺፕ የመበየድ ሥራ አትሠራም፣ አልችልም ብላ ነው የምትመልሰው። ዋጋዋን ግን ከመክፈቷ በፊት ትናገራለች፣ የቀየረችውን አሮጌ ዕቃ በፌስታል አድርጋ ትመልሳለች።

ስትሄዱ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ያዙ። ልትገዙ ያሰባችሁት ዕቃ ካለ ተለጣፊውን ፎቶ አታንሱ፣ ተለጣፊ ይቀየራል፤ ኮምፒውተሩን አስነስታችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ያለውን የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ከነመጨረሻ ፊደሉ ጻፉላት። ዴስክቶፕ ከሆነ የማዘርቦርዱን ስምና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት ጨምሩ። እህታችን፣ እናመሰግናለን፣ እጅሽ ይባረክ።