«ብርቅዬ ጌም ነው» ሲሏችሁ አትቸኩሉ፦ ስትሪት ሱፕረማሲን ልትገዙ ላሰባችሁ

የፒኤስፒ (የሶኒ በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ) ጌም የምትሰበስቡ፣ በተለይ የሌሊት የጎዳና ላይ እሽቅድምድም የምትወዱ፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ስትሪት ሱፕረማሲ የሚባለውን ጌም «ብርቅዬ ነው»፣ «ሰው ያላወቀው ምርጥ ጌም» እያሉ የሚሸጡ አሉ። ብርቅዬ ሊሆን ይችላል። ምርጥ ግን አይደለም። ሰው ያላወቀውም አይደለም። በወጣበት ጊዜ ተቺዎች አይተውታል፣ ተጫውተውታል፣ አብዛኞቹም አልወደዱትም።

ለምን አሁን ማንሳት አስፈለገ? ጌንኪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቶኪዮ ኤክስትሪም ሬሰር የተባለውን ተከታታይ የመኪና እሽቅድምድም ጌሙን ከረጅም ዝምታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 ለኮምፒውተር መልሶ አምጥቶታል። አዲሱን የቀመሰ ሰው የድሮዎቹን መፈለጉ አይቀርም። ከሴጋው ኮንሶል ከድሪምካስት ይጀምራል፣ ወደ ፕሌይስቴሽን 2 ያልፋል፣ ከዚያ «በእጅ የሚያዝ የለውም እንዴ?» ይላል። አለው። በጃፓን በ2005፣ በአሜሪካ ደግሞ በኮናሚ አሳታሚነት በ2006 የወጣው ይኸው ጌም ነው። ሻጩ «የዚያው ቤተሰብ ነው፣ ሠሪውም ያው ነው» ይላችኋል። አልዋሸም። የቀረውን ግማሽ ነው የደበቃችሁ።

የዚህን ቤተሰብ ጨዋታ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቦታው የቶኪዮ ፈጣን መንገድ ነው፣ ሰዓቱ ሌሊት ነው። ውድድሩ የመጨረሻ መስመር የለውም። በምትኩ ሁለቱም ሾፌሮች ልክ እንደ ቦክስ ጌም የጉልበት መለኪያ አላቸው። ወደኋላ የቀረው ሰው መለኪያ እየጎደለ ይሄዳል፣ ከግድግዳ ጋር የተላተመም ይቀነስበታል። ቀድሞ ባዶ የሆነበት ተሸነፈ። መኪናችሁ ጠንካራ ከሆነ ውድድሩ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ሐሳቡ እውነትም ምርጥ ነው፣ እኔ ራሴ ከዙር ቆጠራ ይልቅ ይሄንን እመርጣለሁ። ግን አንድ ነገር የግድ ይፈልጋል፦ ፍጥነት። አንዱ አልቆ ሌላው ወዲያው መቀጠል አለበት።

ስትሪት ሱፕረማሲ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ሎዲንጉ፣ ማለትም ጌሙ እስኪጫን መጠበቁ፣ ያሰለቻል። ከውድድሩ በፊት ጥበቃ፣ ከውድድሩ በኋላ ጥበቃ። በመሃል ያለችው እሽቅድምድም ደግሞ አጭር ናት። በጊዜው ከጻፉት ተቺዎች ብዙዎቹ ይሄንኑ ነው በምሬት ያነሱት። ሁለተኛው ቅሬታ ድግግሞሹ ነው። ከቡድን ጋር ሆናችሁ የሌሎችን ክልል መንጠቅ አለባችሁ፣ ለዚህም ያንኑ አስፋልትና ያንኑ የኮንክሪት ግድግዳ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ታያላችሁ። ክልል የመንጠቁ ነገር በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። በተግባር ግን የድግግሞሹ ሰበብ ሆኖ ቀረ።

«ያኔ ኮንሶሉ ነው ደካማ» የሚል መከራከሪያ ትሰማላችሁ። ግማሽ እውነት አለው። ፒኤስፒ ጌሙን የሚያነበው ዩኤምዲ ከተባለች ትንሽ የምትሽከረከር ዲስክ ነው፣ ከካርድ አይደለም። የመጀመሪያው ሞዴል ሚሞሪም 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ስለዚህ ጌሙ ትንሽ ያነባል፣ ይጥላል፣ እንደገና ያነባል። በ2007 የወጣው ቀጭኑ ፒኤስፒ 64 ሜጋባይት ስላለው ከዲስኩ የተነበበውን በከፊል ይዞ ያቆያል፣ ጥበቃውም ይቀንሳል። ነገር ግን ይሄ ሁሉ የሌሎችም ችግር ነበር። ሚድናይት ክለብ 3 የተባለው ሌላ የእሽቅድምድም ጌም በ2005 ወደ ፒኤስፒ ሲመጣ ስለ ሎዲንጉም ስለ ምስሉ መንተፋተፍም ተወቅሷል። እሱን ግን ተቺዎች በጥቅሉ ወደውታል። ምክንያቱም ጠብቃችሁ ስትገቡ ሳን ዲዬጎን፣ አትላንታንና ዲትሮይትን እንደልባችሁ ትነዱባቸዋላችሁ። መጠበቁ የሚያወጣው ነገር አለ። ስትሪት ሱፕረማሲ ላይ ጠብቃችሁ የምታገኙት ያቺኑ አጭር ውድድር ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ዲስኩ ላይ አትለጥፉ።

አሁን ወደ ሻጮቹ ብልሃት። በጣም የሚያናድደኝ ቪዲዮው ነው። ጥርት ያለ፣ ፍጥነቱ ደስ የሚል ቪዲዮ ይልኩላችኋል። ያ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ የተቀዳው ኮምፒውተር ላይ በኢሙሌተር (የፒኤስፒን ሥራ በሚያስመስል ፕሮግራም) ነው። እዚያ ምስሉን ከእውነተኛው በላይ ማጥራት፣ ሎዲንጉንም ማፍጠን ወይም ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። የፒኤስፒ ስክሪን 480 በ272 ፒክስል ነው፣ ያንን ጥራት በእጃችሁ አታዩትም። «ፒኤስፒውን በእጅህ ይዘህ፣ ከሜኑ ጀምረህ አንድ ውድድር እስኪያልቅ ሳትቆርጥ ቅዳልኝ» በሉት። ሰበብ ካበዛ ላሽ በሉ።

ሌላው የነጥብ ማሳያ ነው። የተቺዎች ከፍተኛ ነጥብ ብሎ የሚልክላችሁን በደንብ አንብቡት። የዚህ ጌም ነው ወይስ የፕሌይስቴሽን 2ቱ ወንድሙ? በጃፓን ስማቸው ስለሚቀራረብ ማደባለቅ ቀላል ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አንዱን ጌም ሁለት አድርጎ መሸጥ ነው። የጃፓኑ ቅጂ ሹቶኮ ባትል፦ ዞን ኦፍ ኮንትሮል ይባላል። ሽፋኑም ስሙም ስለሚለይ «ይሄኛው ወደ ውጭ ያልወጣው ነው» ብሎ የሚያቀርብ አይጠፋም። ጌሙ ያው ነው። የፒኤስፒ የጌም ዲስኮች ደግሞ በአገር አይከለከሉም፣ የጃፓኑም የአሜሪካውም የዲስክ ማስገቢያ ባለው ማንኛውም ፒኤስፒ ላይ ይሠራል። ሁለቱን አንድ ላይ መግዛት ለመደርደሪያ ካልሆነ ትርጉም የለውም።

ማን ይግዛው? የጌንኪን ሥራ ሁሉ አንድ በአንድ የሚሰበስብ ሰው ይግዛ፣ በእርካሽ ካገኘ። የቶኪዮ ሌሊት ናፍቆት የያዘው ግን ሌላ መንገድ አለው። በ2008 ለፒኤስፒ የወጣው ሚድናይት ክለብ ኤል ኤ ሪሚክስ ከሎስ አንጀለስ ሌላ ቶኪዮንም ይዟል። መኪና መቀባባትና አጭር ፉክክር ብቻ ከበቃችሁ፣ በአሜሪካ ከኮንሶሉ ጋር አብሮ የወጣው ኒድ ፎር ስፒድ አንደርግራውንድ ራይቫልስ አለ። እሱም ቢሆን በነፃነት የሚዞሩበት ከተማ የለውም፣ ስሙን አይታችሁ የፕሌይስቴሽን 2ቱን አንደርግራውንድ 2 እንዳትጠብቁ።

የትኛውንም ብትገዙ ዲስኩን ጀርባውን ገልብጦ ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁ። የዩኤምዲ ፕላስቲክ ማቀፊያ ከዳር በኩል የመላቀቅ ልማድ አለው፣ ከተከፈተ ዲስኩ ይጫጫራል ወይም ጭራሽ አይነበብም። ፒኤስፒ ጎ የተባለው ሞዴል ወይም ከፒኤስፒ በኋላ የመጣው ቪታ ያላችሁ ደግሞ ከነጭራሹ ተዉት፣ ሁለቱም የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም።