የቲቢ መድኃኒት ለጀመረች እናት፦ የክንዱ ወይስ መርፌው?

ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ የሚመርጡ እናቶች ብዙ ናቸው። አንዴ ከተቀበረ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያሳርፋል። የቲቢ ሕክምና ሲጀመር ግን ነገሩ ይለወጣል። ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው የቲቢ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲን፣ ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን ያበዛል፤ ከክንድ በጥቂት በጥቂቱ የሚወጣው ሆርሞንም ከሚፈለገው መጠን በታች ሊወርድ ይችላል። በየ3 ወሩ የሚወጋው የወሊድ መከላከያ መርፌ ግን መጠኑ ከፍ ያለ ነውና አቅሙ አይቀንስም።

ስለዚህ ለ6 ወሩ ሕክምና እኔ መርፌውን እመርጣለሁ። የክንዱን ማስወጣት ግድ አይደለም፤ ኮንዶም ይጨመርበት፣ የቲቢው ክኒን ካለቀ በኋላም ለ4 ሳምንት፤ ኢንዛይሞቹ ወዲያው አይቀንሱምና። እህቴ፣ በዚህ ሰበብ የቲቢውን ክኒን እንዳታቋርጪ! ስትቀበዪ ክንድሽ ላይ ያለውን ለባለሙያው ንገሪ።