«ዘ ሲምፕሰንስ»ን ለማየት ዘጠኝ ወር ከፈልኩ፤ የመጀመሪያው ወር ተቆርጦ ነው የደረሰኝ

የኦንላይን ቪዲዮ አገልግሎቱን ወርሃዊ ክፍያ የጀመርኩት ለአንድ ካርቱን ብዬ ነው፤ ስለ አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ለሚያወራው ለ«ዘ ሲምፕሰንስ»። ሌላ ምንም ስላላየሁበት ስለ ሌላው የምለው የለኝም። መተግበሪያው ይከፈታል፣ ያቆምኩበትን ያስታውሳል፣ በቃ። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። «ዘ ሲምፕሰንስ ቀልዱ ካለቀ ቆየ» ሲባል ዓመታት ሰማሁ፤ እኔም ሳላጣራ ለሌላ ሰው አወራሁት። እስቲ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1989 ከተላለፈው የመጀመሪያ ክፍል ተነስቼ ራሴ ልየው ብዬ በቀን ሦስት ክፍል ማየት ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉኛ አሳዘኑኝ። በልጅነቴ ሆዴን ይዤ የሳቅሁባቸው ክፍሎች ዝም ብለው ያልፋሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ «በዚህ ነው እንዲያ ስትስቅ የነበረው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። የቀነሰው የተከታታዩ ቀልድ ሳይሆን የእኔ ልጅነት ነው ብዬ ራሴን ማሳመን ጀምሬ ነበር።

ክፍያውን ላቋርጥ ቀን እየቆጠርኩ ሳለ ምዕራፍ አራት ላይ፣ የቤተሰቡ አባት ሆመር ለአንድ ወር መጠጥ የሚተውበት የ1993ቱ ክፍል ላይ ደረስኩ። ሆመርና ጓደኛው ባርኒ ሁልጊዜ የሚጠጡትን የዳፍ ቢራ ፋብሪካ ሲጎበኙ ሦስት ትልልቅ የቢራ ጋኖች ተደርድረዋል፤ በየጋኑ ላይ የተለያየ የዳፍ ዓይነት ተጽፏል። እዚህ ጋ እንደሳቅሁ በደንብ አስታውሳለሁ። አሁን ግን የሚታየኝ ሦስት ጋን ብቻ ነው። ምኑ ነበር ያሳቀኝ?

ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ ካየሁት በኋላ ትዝ አለኝ። ከጋኖቹ በላይ አንድ ቱቦ ነበረ፤ ሦስቱንም የሚሞላው ያው አንዱ ቱቦ ነው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ቢራው አንድ ነው። ቀልዱ እሱ ነበር፤ ቱቦው ግን ከስክሪኔ ውጪ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ ክፍሎች የተሠሩት ለድሮ ቴሌቪዥን ስለሆነ ምስላቸው 4 በ3 ነው። የእኔ ስክሪን ደግሞ 16 በ9 ነው። ቴሌቪዥኔ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ እንዳይታይ ምስሉን አጉልቶ ስክሪኑን ይሞላል፤ ከላይና ከታች የተረፈውን ይቆርጠዋል። ብታሰሉት የሚጠፋው የምስሉ ሩብ ነው። ከገዛሁት ቀን ጀምሮ ሴቲንጉ እንደዚያ ነበር፤ ማንም አልነገረኝም። ለካ ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2019 መጨረሻ ተከታታዩ ዲዝኒ ፕላስ ወደሚባለው የኦንላይን ቪዲዮ አገልግሎት ሲገባ የድሮዎቹ ክፍሎች ለሁሉም ተመልካች ተቆርጠው ነበር የቀረቡት። ያኔም ሰዎች ማስረጃ ብለው ያቀረቡት ይህንኑ የቢራ ቱቦ ነበር፤ በ2020 ዋናው ቅርጽ ተመለሰላቸው።

«ስክሪኑን የሚሞላ ምስል እያለ ለጥቁር ቦታ ነው እንዴ የከፈልከው?» የሚለኝ ቴሌቪዥን ሻጭ ፊቴ የቆመ ያህል ይሰማኛል። አዎ፣ ለጥቁሩ ቦታ ነው የከፈልኩት! ያ ጥቁር ቦታ ካለ ቱቦው አለ። ሠዓሊው ምን ከላይ፣ ምን ከታች እንደሚሆን አስቦ በእጁ የሣለውን ሥራ ሩቡን ጥለህ «ሞላልህ» አትበለኝ። አንድ ወር ሙሉ የተቆረጠ ነገር እያየሁ የሠሪዎቹን ችሎታ ስጠራጠር ነበር፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ሴቲንጉን አስተካክዬ ከአንድ ጀመርኩ። ወንድሜም አብሮኝ ጀመረ። የሱቅ ምልክቶቹ፣ ከበስተጀርባ የሚያልፉት ሰዎች፣ የሆመር ልጅ ባርት መግቢያው ላይ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ሁሉ ተመለሰ። ሞኖሬሉ (ባለ አንድ ሐዲዱ ባቡር) ከተማቸው ስፕሪንግፊልድ የሚገባበት ክፍል ላይ ወንድሜ በሳቅ ከሶፋው ወረደ። የባርት ጠላት ሳይድሾው ቦብ ባለ ጥርሱን የቅጠል መሰብሰቢያ እየረገጠ እጀታው ዘጠኝ ጊዜ ፊቱን የሚመታበት ትዕይንት ደግሞ ልዩ ነው። ሦስተኛው ላይ ያስቃል፤ አምስተኛው ላይ ይሰለቻል፤ ሰባተኛው ላይ መልሶ ያፈርሳችኋል። ክፍሉ አጥሮባቸው ሰዓት ለመሙላት ያስረዘሙት ነው፤ ያም ሆኖ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የሞላ ሰው አላየሁም።

ከቱቦው በኋላ ነው አስተያየቴ መልክ የያዘው። የድሮው ሲምፕሰንስ ቀልዱን ጥግ ላይ አስቀምጦ ዝም ይላል። ማንም ጣቱን አይቀስርም፤ ካላየኸው አለፈህ። በ1995ቱ የትንሿ ልጃቸው የማጊ ልደት ክፍል አለቃው ሆመር ፊት ለፊት ለዘላለም እዚሁ እንደሚቀር የሚያስታውስ ጽሑፍ ይሰቅልበታል። መጨረሻ ላይ ሆመር በማጊ ፎቶዎች ፊደላቱን ሸፍኖ የቀሩት «ለእሷ ብለህ አድርገው» የሚል ትርጉም እንዲሰጡ አድርጓል። ማንም አያብራራውም። እኔ አለቀስኩ፤ ወንድሜም ፊቱን አዞረ።

ታዲያ አልቋል ወይስ አላለቀም? ብዙዎች ርዕሰ መምህር ስኪነር አስመሳይ ሆኖ የተገኘበትን የ1997ቱን ክፍል ተከታታዩ የሞተበት ቀን ያደርጉታል። ክፍሉን አልወደድኩትም፤ ግን በአንድ ቀን አልሞተም። ይልቅ በ1998 ድምፅ ይሰጥ የነበረው ተዋናይ ፊል ሃርትማን ሲያርፍ ገጸ ባሕርያቱ፣ የፊልም ተዋናዩ ትሮይ መክሉርና ጠበቃው ላይነል ኸትስ፣ አብረውት መሄዳቸው የበለጠ ይሰማል። ድምፁን የሚተካ ሰው አልፈለጉም፤ ትክክል ነበሩ፤ ከተማዋ ግን ጎደለች።

ከምዕራፍ አሥር ወዲያ ሆመር ሞኝ መሆኑ ቀርቶ ክፉ እየሆነ ሄደ። ዝነኛ እንግዶች ራሳቸውን ሆነው ይመጡና ስማቸው ይጠራል፤ ያ ቀልድ ተብሎ ይታለፋል። ከሁሉም የከበደኝ ማብራሪያው ነው። አንድ ነገር ይደረጋል፣ ወዲያው አንዱ ገጸ ባሕርይ ምን እንደተደረገ ይነግረናል። በአምስተኛው ወር ምዕራፍ ሃያ ደረስኩ። ከፌብሩዋሪ 2009 ጀምሮ ተከታታዩ ራሱ በሰፊው ቅርጽ መሠራት ስለጀመረ ጥቁሩ ቦታ ጠፋ፤ ስክሪኔ ሞላ፣ አንዳች የተቆረጠ ነገር የለም። በቴሌቪዥኔ የማሳብበው ነገር አልቆ ነበር። ለቀናት አንዴም ሳልስቅ አየሁ። ወንድሜ ምዕራፍ ሃያ ሁለት ላይ ተወኝ፤ አልፈረድኩበትም። ሻጩ የሚመኘው ሙሉ ስክሪን ይኸው፤ ሁሉ ነገር መሃል ላይ ተሰጥቷል፣ ጥግ የሚባል ነገር የለም።

ስምንተኛው ወር ላይ የ2022ቱ ክፍል ባይመጣ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በምሬት ነበር የምጨርሰው። ሆመርና ሚስቱ ማርጅ በክረምት ጫካ ውስጥ፣ ያለ ልብስ፣ ሁለት ብቻቸውን የሚጠፉበት ክፍል ነው። እንግዳ የለም፣ ከተማ የለም፣ አብዛኛው ሁለት ሰው፣ ብርድና በረዶ ነው። ዝም ይላሉ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ሶፋ ላይ ያየናቸው ባልና ሚስት አሁንም እንደሚዋደዱ ማንም ሳይናገረው ይታያል፤ በመካከሉም ያስቃል፣ ከልብ ያስቃል። ከ700 በላይ ክፍል አይቼ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅሁም ነበር። በሌሊት ወንድሜን ቀስቅሼ አሳየሁት። ከእንቅልፉ ስለተነሳ ተቆጥቶ ተቀመጠ፤ እስከ መጨረሻው ግን አልተነሳም።

ስለዚህ «አልቋል» የሚለኝን ሰው «መሃሉን ዝለለው፤ ስለ አንድ ቱቦም ልንገርህ» እለዋለሁ። በክፍያዬ አልጸጸትም። መካከል ላይ ያሉትን አሥር ምናምን ምዕራፎች በነጻም ቢሰጡኝ ደግሜ አላያቸውም፤ እሱን አልደብቅም። ለሚጀምር ሰው የምነግረው ሁለት ነገር ነው። የቴሌቪዥናችሁን የምስል ቅርጽ ሴቲንግ ዋናው ላይ አድርጉት። ቀጣዩን ክፍል በራሱ የሚያስጀምረውንም አጥፉት፤ አለዚያ በ1995ቱ የሆመር እናት ክፍል መጨረሻ ላይ ሆመር መኪናው ላይ ተቀምጦ ከዋክብትን ሲያይ፣ የሠሪዎቹ ስሞች ማለፍ ሲጀምሩ ከእጃችሁ ይነጥቃችኋል።

አሥረኛውን ወር ትናንት ከፈልኩ። ምዕራፍ አራት ላይ ነን፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ወንድሜ ሪሞቱን ይዞ ቱቦው ላይ ሲደርስ ያቆመዋል።