ባለ ሦስት እግሯን ቀጥ ላደረጉልኝ ባለሙያ

ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ለመጠቆምም ጭምር። የቆየ ባለ ሦስት እግር ሞተር ሳይክል እየጠገነ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አልቀመጥ ያለው ሰው ካለ፣ ይሄ ጽሁፍ ለእሱ ነው።

የኔዋ የሃርሊ ዴቪድሰን ሰርቪ ካር ናት። ከ1932 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ስትመረት የኖረች አሜሪካዊት። ለማታውቋት፣ ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ የዕቃ ሳጥን አላት። መጀመሪያ የታሰበችው ለጋራዦች ነበር። ሠራተኛው የተጠገነ መኪና ለደንበኛው ሲያደርስ ከኋላ አስሯት ይሄዳል፣ መኪናውን አስረክቦ በእሷ ይመለሳል። በኋላ የአሜሪካ ፖሊሶችም ለፓርኪንግ ቁጥጥር ወደዷት። ባለ ሁለት ሲሊንደር ናት፣ 45 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 740 ሲሲ ገደማ። ሦስት የፊት ማርሽና አንድ የኋላ ማርሽ አላት። ወደ ኋላ የምትሄድ ሞተር ሳይክል! እኔን ለማሸነፍ ይሄ ብቻ ይበቃት ነበር።

ሞተሩም ካምቢዮውም ታድሶ፣ ኩሽኔቶቹ ተቀይረው፣ ሁሉ ነገር አዲስ ሆኖ ሳለ ስትሄድ ታንጎራጉራለች። የፊተኛው ካቴና (ሰንሰለት) በአንድ ጎኑ ይበላል። መጀመሪያ የሰጠኋቸው ጋራዥ ካቴናውን ቀየሩ። ቀጥሎ ፒኞኑን፣ ማለትም ካቴናው የሚጠመድበትን ጥርሳም ክብ ብረት ቀየሩ። በመጨረሻ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» ተባልኩ። አልለመደም።

እዚህ ላይ ነው ጋሼን ያገኘኋቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብዬ እቀጥላለሁ።

የሥራቸውን ጥራት ለመረዳት የዚህችን ማሽን አሠራር ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የሞተሩ ጉልበት በአንድ ካቴና፣ በፊተኛው፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ላይ ይደርሳል። ፍሪሲዮኑ የተቀመጠው በካምቢዮው ዘንግ ላይ ነው። ከካምቢዮው ደግሞ ሌላ ካቴና ወደ ኋላ ሄዶ ዲፈረንሻሉን፣ ማለትም ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል ያዞራል። ስለዚህ ካምቢዮው በሁለት ወገን መሃል እንደገባ አስታራቂ ነው። ለአንዱ ካደላ ሌላው ይጣላዋል። በባለ ሁለት ጎማ ሞተር ሳይክል ቢሆን የኋላ ጎማውን ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብሎ ማስማማት ይቻል ይሆናል። እዚህ ግን ከኋላ ያለው አንድ ጎማ አይደለም። ዲፈረንሻሉን የያዘ ሙሉ አክስል ነው። እሱን እንደፈለጉ ወደ ጎን መግፋት የለም።

ጋሼ መጀመሪያ ቁልፍ እንኳ አላነሱም። ካቴናዎቹን አስወልቀው የውስጥ ጎናቸውን በባትሪ አዩ። ጥርሱ የሚነካው ቦታ በአንድ በኩል አብረቅርቋል፣ በሌላው በኩል ደህና ነው። «ይሄ የካቴና በሽታ አይደለም ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ልኬቱን ከኋላ ጀመሩ። አብዛኛው ሰው ከሞተሩ ነው የሚጀምረው። እሳቸው ግን የማይንቀሳቀሰውን አክስል ነው መነሻ ያደረጉት። ቀጥ ያለ ረጅም ብረት በአክስሉ ፒኞን ላይ አስደግፈው እስከ ካምቢዮው ድረስ ተከተሉት። ኋላው ልክ ነው። ፊቱ አይደለም።

ሌላው ሰው የሚዘለው ነገር ደግሞ አለ። የሞተሩ ዘንግም ፍሪሲዮኑም ወደ ጎን ትንሽ ትንሽ ይጫወታሉ። ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ገፍተው ነው የለኩት። እንዲያ ካልተደረገ አሁን የለካችሁትና ከሻይ በኋላ የለካችሁት አይገናኝም።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። የፒኞኖቹ መስመር አለመገጠም አንድ ነገር ነው። የዘንጎቹ አለመተያየት፣ ማለትም አንዱ ከሌላው ጋር ጎን ለጎን እኩል አለመሄዱ፣ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ከፒኞኑ ኋላ ስስ ብረት በማስገባት ማስተካከል ይቻላል። ሁለተኛውን ግን የፈለጋችሁትን ያህል ብረት ብትደረድሩ አይድንም። የኔዋ ችግር ሁለተኛው ነበር።

ምክንያቱን ያገኙት እንዲህ ነው። ካምቢዮውን አጥብቀው አሰሩት፣ መርፌ ያለውን መለኪያ እግሩ ላይ አስቀመጡ፣ አንዱን ብሎን ብቻ ፈታ አደረጉ። መርፌዋ ዘለለች። የካምቢዮው እግር ሻንሲው (ሁሉን የሚሸከመው የብረት አጽም) ላይ አልተቀመጠም ነበር ማለት ነው። ብሎኑ ነው ጎትቶ ያስቀመጠው፣ ሲጎትተውም አጣሞታል። ሲገላልጡት ሁለት ጥፋት ተገኘ። አንደኛ፣ ሻንሲውን የቀባው ሰው ብረት ከብረት የሚገናኝበትን ቦታ ሁሉ ወፍራም ቀለም ለብጦታል። ቀለም ሲጠብቅበት ይጨመቃል፣ ብሎኑም ቆይቶ ይላላል። ሁለተኛ፣ ከቀለሙ ስር የቆየ ብየዳ አለ፣ መቀመጫውን ወደ አንድ ጎን ስቦታል። አዲስ ካቴና ይሄን ሊለምድ ኖሯል!

ቀለሙን ፋቁት፣ መቀመጫውን አቀኑት፣ የቀረችውን ክፍተት በስስ ብረት ሞሉት። ካምቢዮውን እንደገና ሲያስቀምጡ ብሎኖቹ ሁሉ ያለ ትግል በእጅ ገቡ።

ውጥረቱንም በቅደም ተከተል ነው የሠሩት። የፊተኛው ካቴና የሚወጠረው ካምቢዮውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንሸራተት ስለሆነ እሱ ይቀድማል። ካምቢዮው በተነቃነቀ ቁጥር የኋላው ካቴናም ይለወጣልና። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ካቴናው በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈለጉ፣ እዚያ ላይ መሃሉ ወደ 12 ሚሊ ሜትር እንዲጫወት ተዉት። ከዚያ የኋላው። ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው የማርሽ ዘንግ፣ ማለትም የማርሽ እጀታውን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ብረት። የኔዋ ማርሽ በእጅ የሚቀየር ስለሆነ ካምቢዮው ሲንሸራተት ዘንጉ ልኩን ይስታል። ይሄን ያላወቀ ሰው ማርሹ ሲያመልጠው ካምቢዮው ውስጥ የተሰበረ ነገር ያለ ይመስለውና ደህናውን ካምቢዮ ያስፈታል። ሁሉም ከጠበቀ በኋላ ልኬቱን ከሀ ጀምረው ደገሙት።

አሁን ጸጥ ብላለች። ማለቴ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። የኋላ ማርሽም ሳትንኮሻኮሽ ትገባለች።

ጋሼ እንከን የላቸውም አልልም። ቀስ ነው የሚሉት። ሥራ ላይ ከሆኑ ስልክ አያነሱም። «መቼ ያልቃል» ብሎ የሚያጣድፍ ሰው ካጋጠማቸው ዕቃውን ይዞ እንዲሄድ በትህትና ይነግሩታል። ቀለምና የሸራ ሥራ አይነኩም። በሌላ በኩል ሂሳቡን ሳይጀምሩ ይናገራሉ፣ የወለቀውን ዕቃ ሁሉ ያስረክባሉ፣ የለኩትንም በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ። ያቺን ወረቀት ከሞተሯ መጽሐፍ ጋር አስቀምጫታለሁ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

አድራሻቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የድሮ ካቴናዎቻችሁን አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱን ነው። ከካምቢዮው ስር የወጡ ስስ ብረቶች ካሉም በየቦታቸው ምልክት አድርጋችሁ ውሰዱ። ሻንሲውን ደግሞ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አሳዩአቸው።