ኒኮን ዲ750 በድሬና በሐረር ፀሐይ

«ልጄ፣ ጥልፉ የታለ?» ያሉኝን የሙሽራ እናት እስካሁን አልረሳኋቸውም። የልጃቸውን የመልስ ፎቶ ያነሳሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር ነበር። በቅጠሉ መሀል ሾልኮ የወረደው የቀትር ፀሐይ ሐበሻ ቀሚሱ ላይ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ባዶ ወረቀት ሆኖ ወጣ። ነጭ በነጭ የተጠለፈ፣ ስንት ቀን የተለፋበት ሥራ ነው። ኤዲት ላይ ባወርደው ባወርደው ግራጫ ሆነ እንጂ ክሩ አልመጣም፤ አንዴ የተቃጠለ ነጭ ውስጡ የሚመለስ ነገር የለም። ያኔ የያዝኩት ሌላ ካሜራ ነበር፤ ጥፋቱም የኔ ነው፣ ሜትሩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ያለው ብርሃን መለኪያ፣ የሰጠኝን ቁጥር ዝም ብዬ ተቀብዬ ነበር።

ዲ750 የሚባለውን የኒኮን ካሜራ ሁለተኛ እጅ ገዝቼ ሁለት ዓመት ሠራሁበት፤ ሠርግ፣ ኒካህ፣ ጥምቀት፣ ምርቃት። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 24.3 ሜጋፒክስል ያለው ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ነው። አዲስ አይደለም፣ ዛሬ ብዙ ሰው ወደ ሚረርለስ፣ ውስጡ መስታወት ወደሌለው ካሜራ ሄዷል። እኔ ግን ስለ ብርሃን አለካኩ መጻፍ የፈለግኩት እዚህ አካባቢ ለምንሠራ ሰዎች ቁም ነገሩ እሱ ስለሆነ ነው። የኛ ሥራ ምንድነው? ጠይም ፊት፣ ነጭ ልብስ፣ ምሕረት የሌለው ፀሐይ። ሦስቱን በአንድ ፎቶ ማስማማት ነው።

ካሜራ ውስጥ ያለ ሜትር የሚያነበው ከነገሩ ላይ ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ነጠላ ይሁን ጥቁር ኮት አያውቅም፤ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። የዲ750 ሜትር 91,000 ፒክስል ያለው ሆኖ ትዕይንቱን በቀለምም ጭምር ስለሚያይ፣ ማትሪክስ (ፍሬሙን በሙሉ አይቶ የሚለካበት ዘዴ) ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ብልህ ነው። ደመና በሆነ ቀን፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ቡድን ፎቶ ላይ ማትሪክስ ላይ ትቼው እረሳዋለሁ። ሴንተር ዌይትድ የሚባለውን፣ መሀሉን አብልጦ የሚለካውን፣ ከነጭራሹ አልነካውም።

ካሜራውን ያስወደደኝ ሃይላይት ዌይትድ የሚባለው ነው፤ ምልክቱ አጠገብ ኮከብ አለው። ይሄ የሚለካው የፍሬሙን በጣም ብሩህ ቦታ ፈልጎ፣ እሱ እንዳይቃጠል አድርጎ ነው።

መጀመሪያ የገባኝ ሐረር መኪና ግርግር ነው፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን ደጅ ላይ ደርድረው የሚሠሩበት መንገድ። አንድ ሰፊ ፊታቸው ጥላ ውስጥ፣ መርፌው ሥር ያለው ነጭ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ነበር። አስፈቅጄ አነሳሁ። አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ክፍተት) 4፤ ማትሪክሱ ሻተሩን (መዝጊያውን) 1/400 ሰከንድ አለኝ። ፊታቸው አማረ፣ ጨርቁ ግን ነደደ። ወደ ኮከቡ ስቀይረው 1/1600 ሆነ፤ ሁለት ስቶፕ ሙሉ ወረደ፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው። አሁን የጨርቁ ሽመና፣ የስፌቱ መስመር፣ የጣታቸው ጥላ ሳይቀር ተለይቶ ታየ። ፊታቸው ግን ጠቆረ። ስለዚህ የፕላስ ማይነስ ቁልፏን ይዤ +0.7 ጨመርኩ፣ 1/1000 ገባ። በሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ ፋይል) ስለማነሳ የቀረውን ቤት ገብቼ ጥላውን አነሳሁት፤ የዚህ ካሜራ ጥላ ሲነሳ ቶሎ አይቆሽሽም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፀሐይ ላይ ነጭ ልብስ ካለ መነሻዬ ይሄው ነው፦ ኮከቡ፣ +0.7፣ ሮው። በጄፔግ ብቻ ለሚሠራ ግን አልመክረውም፣ ፊት ጠቁሮበት ይቀራል።

የሐረሪ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነው። ብርሃኑ የሚገባው ከበሩ ነው፤ ቀይ የተቀባው ነደባ (መቀመጫ መደብ)፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት፣ ሁሉም ጠቆር ያለ ነው። ሙሽራዋ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ስትቀመጥ ስፖት እጠቀማለሁ። ስፖቱ የፍሬሙን 1.5 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚያየው፤ ደግነቱ የመረጥኩትን የፎከስ ነጥብ ተከትሎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዓይኗ ላይ ፎከስ ሳደርግ የሚለካው ፊቷን ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሜትሩ ጠይም ፊትን ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያነጣው ይፈልጋል። ሙሽራዋ የራሷን መልክ እንድታገኝ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ መቀነስ አለባችሁ። ሰው በኤዲት እየነጣ የሚወጣበትን ፎቶ አልወድም፤ መልኳን ይዛ ትውጣ። ጊዜ ካለኝ ደግሞ የራሴን መዳፍ እሷ ፊት ላይ ያለው ብርሃን ውስጥ ዘርግቼ እለካና 1 ስቶፕ እጨምራለሁ። መዳፍ ከሰው ሰው ብዙ ስለማይለያይ ግራጫ ካርድ ለረሳ ሰው ይበቃል።

የሚያንሰውም አለ። የሻተሩ ጣሪያ 1/4000 ነው። ድሬ በቀትር 50 ሚሊሜትሩን ኤፍ 1.8 ከፍታችሁ ላንሳ ብትሉ በአይኤስኦ 100 እንኳን 1/8000 ትፈልጋላችሁ፣ የለም። እኔ ኤፍ 2.8 አደርገዋለሁ፤ 1/3200 አካባቢ ይመጣል፣ ጀርባውም በበቂ ይደበዝዛል። ሌላው፣ በዓይን የሚታይበት መስኮት የመስታወት ስለሆነ ኤክስፖዠሩን ስትቀይሩ ምስሉ ሲጨልም ሲበራ አታዩም። ስክሪኑንም በድሬ ፀሐይ አትመኑት። ፕሌይባክ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ሃይላይት የሚለውን አብሩት፣ የተቃጠለው ቦታ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ሂስቶግራሙንም (ከግራ ጨለማውን እስከ ቀኝ ብሩሁን የሚያሳየውን ግራፍ) እዚያው ታገኛላችሁ።

ሁለተኛ እጅ ልትገዙ ስትሄዱ አንድ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ደጅ ጥላ ላይ አድርጋችሁ፣ ወረቀቱ ፍሬሙን እስኪሞላ ተጠግታችሁ፣ በስፖት አንሱት። ሜትሩ ጤነኛ ከሆነ ወረቀቱ ግራጫ ይወጣል፣ የሂስቶግራሙም ጉብታ መሀል አካባቢ ይቆማል። ከዚያ +1.7 ጨምራችሁ ድገሙት፤ ጉብታው ወደ ቀኝ ሄዶ ጠርዙን ሳይነካ መቆም አለበት። ባለሱቁ ምን እያደረጋችሁ ነው ቢላችሁም አትቸኩሉ፣ በሌላ ሌንስም ድገሙት።