ሳይለካ ፍሬን የማይሸጥ መካኒክ ልጠቁማችሁ

ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ ሰው ሲገኝ ዝም ማለት ነውር ነው። ይህን የምጽፈው የአሮጌውን የብረት ሳይክሌን ፍሬን የቀየረልኝን መካኒክ በአደባባይ ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴን፣ እንደኔ ቀጭን ጎማና የተቆለመመ መሪ ያለው የድሮ ሳይክል ያላችሁ ፍሬን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ነባሩ ፍሬን ሁለቱም ክንዶቹ በአንድ ቡሎን ላይ የሚዞሩበት የድሮው ዓይነት ነበር። ሸራው፣ ማለትም ቸርኬውን የሚነክሰው ላስቲክ፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ቁልቁለት ላይ እጀታውን አንቄ ይዤው እንኳ ሳይክሉ መቆም አለመቆሙን የሚያስብበት ይመስላል። ሌላ ቦታ ስጠይቅ «ፍሬን ፍሬን ነው፣ ሁሉም ይገባል» ተብዬ ነበር። አይገባም።

ይሄ ልጅ ግን ወደ ዕቃ መደርደሪያው ከመዞሩ በፊት ማስመሪያ አነሳ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እንለካ» አለኝ። የለካው ፍሬኑ ከሚታሰርበት ቀዳዳ መሀል ጀምሮ ሸራው ቸርኬውን እስከሚነክስበት ቦታ መሀል ድረስ ነው። ውጤቱን በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፈ፦ ፊት 52 ሚሊሜትር፣ ኋላ 55። የዛሬ የውድድር ሳይክል ፍሬን ክንዱ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ39 እስከ 49 ሚሊሜትር ነው የሚደርሰው። ያ እኔ ሳይክል ላይ ቢታሰር ሸራው የሚነክሰው ቸርኬውን ሳይሆን ጎማውን ነው። እንዲህ ሲፋቅ የከረመ ጎማ ደግሞ መጨረሻው መፈንዳት ነው። ለኔ የሚሆነው ከ47 እስከ 57 የሚደርሰው ሆነ። ከዚያም የረዘመ አለ። «ታዲያ ለምን ረጅሙን አንወስድም?» ስለው፣ «ክንዱ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ይለመጣልም» አለ። አለቀ።

የቸርኬውን ነገር ደግሞ አትርሱ። ብዙ የድሮ ሳይክሎች የተሠሩት ለ27 ኢንች ቸርኬ ነው። የኔ አሁን የሚሄደው 700ሲ በሚባለው ሌላ የቸርኬ መጠን ነው። ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር በ27 ኢንቹ 630 ሚሊሜትር፣ በ700ሲው 622 ነው። ስለዚህ ቸርኬ የቀየረ ሰው ሸራው 4 ሚሊሜትር ወደ መሀል መጠጋት አለበት። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን አንዱን ፍሬን ከምርጫ ውጪ ለማድረግ ትበቃለች። አሁንም በሚያብለጨልጨው የብረት ቸርኬ የምትነዱ ካላችሁ፣ ዝናብ ላይ የትኛውም ፍሬን ተአምር አይሠራላችሁም። መጀመሪያ አሉሚኒየም ቸርኬ ግዙ።

ከሁሉ የወደድኩለት የቡሎኑን ጉዳይ ነው። የአዲስ ፍሬን ቡሎን አጭር ነው፤ ፍሬሙ ውስጥ ጠልቆ በሚገባ ረጅም ዳዶ ይታሰራል። ለዚህም ከጀርባ በኩል 8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። የድሮው ፍሬም ቀዳዳ ግን 6 ገደማ ነው፤ ቡሎኑ በሙሉ አልፎ ይወጣና ውጭ ላይ በተራ ዳዶ ይታሰራል። በትራፓኖ አስፍቶ መግጠም ይቻላል፣ የሚያደርጉትም ሞልተዋል። እሱ እምቢ አለ። «የተበሳ ብረት አይመለስም። ባለ ረጅም ቡሎኑ እያለ ምን አስቸኮለን?» ብሎ አፈላልጎ አመጣልኝ። ቢበሳው ኖሮ የእጅ ዋጋ መጨመር ይችል ነበር፤ እኔም ምንም አላውቅም።

የገጠመልኝ ክንዶቹ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ የሚዞሩትን ዓይነት ነው። በአንድ ዓይነት የጣት ኃይል ከድሮው አጥብቆ ይይዛል፣ ወደ አንድ ጎን እየተንጋደደም አያስቸግርም። እጀታዎቹን ግን ቀይር አላለኝም። የሳይክል ዕቃ አምራቹ የሺማኖ አዲሶቹ እጀታዎች ከድሮዎቹ የበለጠ ካቮ ይስባሉ፤ እጀታና ፍሬን ካልተመጣጠኑ ጣጣ ነው። ስለዚህ ከነባሩ እጀታዬ ጋር የሚስማማውን መረጠ። ካቮውንና ሽፋኑን ግን ያለ ርኅራኄ ጣላቸው።

ሸራውን ሲያስተካክል ቆሜ አየሁት። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ካርቶን ቀደደ። በሸራው የኋላ ጫፍና በቸርኬው መሀል ሸጎጣት። እኔን እጀታውን አስጨብጦ ሸራውን አጠበቀና ካርቶኗን መዞ አወጣት። እንዲህ ሲሆን የሸራው የፊት ጫፍ በትንሹ ቀድሞ ይነካል፣ ፍሬኑም አይጮህም። ከዚያ እጀታውን ባለ በሌለ ኃይሉ ደጋግሞ ጨመቀው። ካቮው ቦታ ቦታውን ሲይዝ ላላ፤ እንደገና ወጥሮ አሰረው። ብዙ ቦታ ይቺን የመጨረሻዋን ይዘሏታል፣ ከዚያ በሳምንቱ ፍሬን ላላ ብሎ መመለስ ነው።

እንከን የለውም አልልም። ቀርፋፋ ነው። «ነገ ና» ካለ ከነገ ወዲያ ማለቱ ነው። ለቸኮለ ሰው አይሆንም፣ ቁርጡን ልንገራችሁ።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ሳይክሉን ሙሉውን፣ የምትነዱበትን ቸርኬ እንደገጠማችሁ ውሰዱ። ፎቶ ልካችሁ «የቱ ይገባል?» ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ «አምጣውና ልለካው»።