ሙቲያንዩ፦ ታላቁ የቻይና ግንብ በግንበኛ ዓይን

ቤጂንግ ደርሶ ታላቁን ግንብ ለማየት አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ምክር ቢጠይቀኝ ሙቲያንዩ የተባለውን የግንቡን ክፍል እመርጥለታለሁ። ሌላው የግንቡ ክፍል ባዳሊንግ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት በመሆኑ ስሙ የገነነ ነው። ነገር ግን ሕዝብ ስለሚበዛበት አንድን ማዕዘን ቆሞ ለመመርመር ጊዜም ቦታም አይገኝም። ሙቲያንዩ ከመሀል ቤጂንግ ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሁዋይሮው ወረዳ ተራሮች ላይ ስለተዘረጋ ፋታ ይሰጣል።

እኔ እንጀራዬ ድንጋይና ኖራ ነው። የኬብል መኪናው 14ኛው ማማ አጠገብ እንዳወረደኝ ዓይኔ በቀጥታ የሄደው ወደ መገጣጠሚያዎቹ ነበር። ከሥር ጥርብ ግራናይት፣ ከላይ የሸክላ ጡብ፤ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ሆድ ደግሞ በአፈርና በድንጋይ ስብርባሪ የተጠቀጠቀ ነው። እዚህ መጀመሪያ ግንብ የቆመው በ6ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜናዊ ቺ መንግሥት ነው። የዛሬውን ቅርጽ የያዘው ግን በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1569 በጄኔራል ቺ ጂጓንግ ጊዜ እንደገና ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹም ለጎብኚ ሲዘጋጅ ተጠግኗል። የጥገናውን ጡብ ከጥንቱ ለመለየት ጠርዙን በጣት መዳሰስ ይበቃል፤ አዲሱ ስል ነው፣ አሮጌው ተበልቶ ለስልሷል።

የሚንግ ግንበኞች ኖራውን በሚጣበቅ የሩዝ ቅቅል ያቦኩት ነበር። የሩዙ ስታርች የኖራውን ክሪስታል ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለሚያደርገው ማያያዣው ይጠነክራል፣ ውሃም እንደልብ አያሳልፍም። የጎንደሩ ፋሲል ግቢም በኖራ የተገነባ ነውና፣ ጥገናውን የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ባለሙያ እዚህ ብዙ የሚማረው አለ።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ የውሃው አያያዝ ነው። ግንብ የሚፈርሰው ከጠላት ይልቅ በውሃ ነው። እነዚህ ሰዎች ወለሉን በመጠኑ አዘንብለው ዝናቡን ወደ አንድ ጎን ይሰበስቡታል፤ ከዚያ በቦይ አድርጎ ከግድግዳው ወጣ ባለ የድንጋይ አሸንዳ በኩል ይወርዳል። በሚንግ ግንብ አሸንዳው በአብዛኛው ወደ ውስጠኛው ወገን ነው፤ ጠላት በሚመጣበት በኩል ያለው መሠረት እንዳይሸረሸር። ቁልቁለቱን ሁሉ እየተከተለ ይህን ሥራ የሠራው እጅ ክብር ይገባዋል።

ማማዎቹ ውስጣቸው ክፍት ነው። ቺ ጂጓንግ እንዲህ አድርጎ ያሠራቸው ቀድሞ በብርድና በዝናብ ግንቡ አናት ላይ ይቆም የነበረው ወታደር የሚያድርበት፣ መሣሪያና ስንቅም የሚቀመጥበት እንዲያገኝ ነው። በሙቲያንዩ መከለያው በሁለቱም ወገን ጥርስ፣ ማለትም እየተቆራረጠ ከፍ ዝቅ የሚል አናት አለው፤ ተከላካዩ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም መተኮስ ይችል ነበር። ይህ በሌላው የግንቡ ክፍል ብዙ አይታይም። 4ኛው ማማ ሦስት ማማዎች ጎን ለጎን የተያያዙበት ስለሆነ ሳያዩት አይመለሱ።

ጉልበት ያለው ሰው ወደ 20ኛው ማማ ይውጣ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበት ይፈትናል። ከላይ ግን ግንቡ የተራራውን ጀርባ ይዞ እየተጠማዘዘ፣ በደን መካከል እየጠፋ እየታየ ሲሄድ ያያሉ። ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ በአብዛኛው ያልታደሰው የጂያንኮው ግንብ በገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሏል። በጸደይ ዛፎቹ ያብባሉ፤ በመጸው ተራራው ይቀላል። እኔ መጸውን እመርጣለሁ፤ ሰማዩ ስለሚጠራ ርቆ ያለው ማማ እንኳ ጥርሱ ይለያል።

የማልወደውም አለ። ከ6ኛው ማማ አጠገብ በብረት ቦይ የሚወርድ ተንሸራታች ጋሪ አለ፤ ልጆች በጣም ይደሰቱበታል፣ ጩኸቱ ግን እስከ ላይ ይሰማል። ከዚህ የባሰው የአንዳንድ አስጎብኚዎች ነገር ነው። የእኛው በማለዳ ይዞን ወጥቶ መንገድ ላይ የጌጣጌጥ መደብር ውስጥ ስላቆየን፣ ጥሩው የጠዋት ብርሃን በከንቱ አለፈ። ስለዚህ በራስ መሄድ ይሻላል፦ ከዶንግዥመን ጣቢያ በ916 ፈጣን አውቶቡስ ሁዋይሮው ድረስ፣ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ወይም በታክሲ። የመግቢያው፣ የማመላለሻ አውቶቡሱና የኬብሉ ክፍያ ለየብቻ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ። ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ፤ በተለይ ዝናብ ከዘነበ ድንጋዩ ያዳልጣል።